ጋሽ ታምራት እጃቸውን ያጣመሩበት ዓርብ

አዳማ ውስጥ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሰማው የሰው ሩጫ ነው። ጨለማ ፈርቶ እንዳይመስላችሁ፤ በጠራራ ፀሐይም ቢጠፋ ይሮጣል። የሚፈራው የመብራቱን መመለስ ነው። አንዳንዴ ሲመለስ እንደ ጎርፍ ይመጣና ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ያገኘውን ሶኬት ይነቅላል፤ ከዚያ የጎረቤት አምፖል ረጋ ማለቱን አይቶ አንድ በአንድ ይሰካል። እኔ ሀዊ እባላለሁ፤ ያደግኩት እናቴ «ንቀዪው! ሀዊ፣ ቶሎ ንቀዪው!» እያለች ስትጮህብኝ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ይህ የመንቀል ልማዳችን አንዲት ሴት ዓይኗን ሊያሳጣት ስለነበረበት ዓርብ ነው።

ያን ጊዜ ከከተማችን ሆስፒታሎች በአንዱ የአይቲ ባለሙያ ነበርኩ፤ የሆስፒታሉ ስም ይቅር። አለቃዬ ጋሽ ታምራት ይባላሉ። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ ከሸሚዛቸው ኪስ ቴስተር፣ ያቺ መብራት የምትፈትሽ ብሎን መፍቻ፣ ጠፍታ የማታውቅ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ናቸው። ሃይማኖታቸው ሁለት ነው እያልን እንቀልድባቸው ነበር፤ አንዱ ኦርቶዶክስ፣ ሌላው «የሚሠራ ነገር አይነካም»። በቦታቸው እንድተካ ጠይቀውኝ እምቢ ብያቸዋለሁ። እምቢ ማለት ደግሞ ለኔ አዲስ አልነበረም። ለትምህርት ዕድል ተወዳድሬ ፈተናው ሲደርስ ስሜን ያስሰረዝኩ፣ መኪና መንዳት ተምሬ ለመንጃ ፈቃዱ ልፈተን ስል የቀረሁ ሰው ነኝ። ገና ሳይቃጠል ቀድሜ መንቀል ነበር ሙያዬ።

አሁን ስለ ማሽኑ ልንገራችሁ፤ አትሰልቹ፣ አጭር ነው። የሆስፒታሉ የራጅና የሲቲ ስካን ምስሎች ሁሉ የሚቀመጡት ስቶሬጅ በሚባል ማከማቻ ውስጥ ነው። በዚያ ማከማቻና በሐኪሞቹ ስክሪኖች መካከል አንድ ትልቅ ስዊች ቆሟል። ስዊች ስል የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ አይምሰላችሁ። ይኼኛው ቁመቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ፣ እንደ ኮመዲኖ መሳቢያ የሚሳቡ ካርዶች የተደረደሩበት ብረት ነው። ከካርዶቹ ሁለቱ አንጎሎቹ ናቸው። አንዱ ይሠራል፤ ሌላው ተጠባባቂ ሆኖ የመጀመሪያውን እያንዳንዷን እርምጃ ይከታተላል። ውስጣቸው የሚኖረው ፕሮግራም፣ እኛ ፈርምዌር የምንለው፣ አርጅቶ አንድ በሽታ ነበረበት፤ ለረጅም ጊዜ ሳያርፍ ከሠራ በኋላ ድንገት ራሱን ይስታል። ሠሪው ድርጅት መድኃኒቱን፣ ማለትም የታደሰ ፕሮግራሙን፣ ካወጣ ቆይቷል። እኛ ግን አልጫንነውም። ለምን ቢሉ፣ የሚሠራ ነገር አይነካማ!

እንግዲህ ያ ማሽን ራሱን የሳተው ከማጫውታችሁ ዓርብ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጫልቱ የቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ በተኛችበት ቀን ነው።

ጫልቱ ቆቃ አጠገብ ሽንኩርት የምታለማ ገበሬ ናት። ከዓይኖቿ ጀርባ ዕጢ በቅሎ ነርቩን እየተጫነው፣ ዓይኗ በየወሩ ሲደክም ቆይቶ በመጨረሻ ከጥላ በስተቀር የማትለይ ሆነች። ቀዶ ሕክምናውን የምትሠራላት ዶክተር ሰሚራ ከአዲስ አበባ የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ሥራው ደግሞ ያለ ምስል አይሞከርም፤ ቢላው የት እንደደረሰ በስክሪን የሚያሳየው መሣሪያ ምስሉን በቀጥታ የሚያነበው ከኛ ማከማቻ ነው። ጫልቱን ካስተኟት በኋላ ስክሪኑ ጭልም አለ። ደግነቱ ገና አልተነካችም ነበርና መልሰው ቀሰቀሷት። ማሽኑን አጥፍተን ስናበራው ተነሳ፤ በሽታው ግን እንዳለ ነበር።

ዶክተር ሰሚራ የቀዶ ጥገና ቆቧን እንዳደረገች ቢሯችን ድረስ ወረደች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለን ነበር።

«ጋሽ ታምራት፣ ይቺ ሴት ብዙ ዓርብ የላትም» አለች። «ነርቩ አንዴ ከሞተ እኔም ሌላም ሐኪም አያስነሳውም። የሚቀጥለው ዓርብ የመጨረሻዋ ሊሆን ይችላል። ያ ብረት ዳግመኛ እንደማይጠፋብኝ ቃል የሚገባልኝ ማነው?»

ጋሽ ታምራት እኔን አዩኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ከዚያ «እኔ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነበር። አፌ ቀደመኝ። ጋሽ ታምራት እንኳን ደንግጠው መነጽራቸውን አወለቁ።

መድኃኒቱን ከሠሪው ድርጅት ለምነንና ደጅ ጠንተን በእጃችን የገባው ኀሙስ አመሻሽ ላይ ነው። ማታ እንዳንጭነው በአዳማ ማታ መብራቱ እንደ ክረምት ሻማ ይርገበገባል። የቀረን የዓርብ ምሳ ሰዓት ነው። የዓርብን ምሳ ሰዓት ታውቁታላችሁ፤ ሙስሊሙ ወደ ጁምዓ፣ ሌላው ወደ ጾም በያይነቱ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ረጅም እረፍት ይወጣል። ሆስፒታሉም ትንፋሽ የሚያገኘው ያኔ ነው። የጫልቱ ተራ ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።

ወደ ማሽኑ ክፍል ስሄድ ባሏ ገመቹ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ የልብሷን ፌስታል ታቅፎ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ ዛሬም ይጠፋል እንዴ?»

«አይጠፋም» አልኩት፣ መብራት ኃይል የአባቴ ይመስል።

«እሷ አልፈራችም። እኔ ነኝ የፈራሁት» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ፊቱ ላይ አልቆየም።

ሥራው የሚካሄደው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ተጠባባቂው አንጎል ላይ አዲሱ ፕሮግራም ይጻፋል፤ ተኝቶ ይነሳል፤ ከዚያ ሥራውን ከዋናው ይረከባል፤ በመጨረሻ ዋናው ተራው ደርሶ ይጻፍበታል። በዚህ ሁሉ መሃል ምስሎቹ አንዲት ቅጽበት እንኳን መቋረጥ የለባቸውም። ስልኬን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ናይሮቢ ካለው የድርጅቱ መሐንዲስ ጋር ተገናኘሁ። ጋሽ ታምራት ከኋላዬ ቆመው ይተነፍሳሉ። ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ምሳዎን ይብሉ።»

«ምሳ ይደርሳል።»

«ጋሼ፣ ከኋላዬ ቆመውብኝ መሥራት አልቻልኩም!»

ቅር እያላቸው ወደ ካፌው ሄዱ። እኔም ትእዛዙን ጻፍኩና ቁልፉን ተጫንኩ።

ተጠባባቂው ተኛ። መብራቱ ብርቱካናማ ሆነ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ብርቱካናማ። ከዚያ አረንጓዴ! የጤፍ ቅንጣት የምታህል አረንጓዴ መብራት ናት፤ እኔ ግን የመስቀል ደመራ የተለኮሰልኝ ያህል ነው የዘለልኩት። ቀጥሎ ርክክቡ መጣ። «ቀጥዪ» አለኝ መሐንዲሱ በእንግሊዝኛው። ትንፋሼን ይዤ ተጫንኩ። ታናሹ፣ ተጠባባቂው፣ ሥራውን ከታላቁ ተቀበለ፤ ምስሎቹ እንደ ውሃ መፍሰሳቸውን ቀጠሉ። እልልታዬ አመለጠኝ! ናይሮቢ ያለው ሰውዬ ምን እንደተቃጠለ ጠየቀኝ። ደስታ ነው ብዬ አስረዳሁት።

የቀረው ታላቁ አንጎል ብቻ ነው። ጀመርኩ። ግማሽ ያህል እንደተጻፈ የጣሪያው ቬንትሌተር ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ቀነሰና ቆመ።

መብራት ጠፋ።

አልደነገጥኩም። ከማሽኑ በታች ያለው ዩፒኤስ፣ ባትሪው፣ ይህችን ጊዜ ለማሻገር የተቀመጠ ነው። ጲጵ፣ ጲጵ ማለት ጀመረ፤ ትርጉሙ «እኔ አለሁ» ነው። ጄኔሬተሩም ትንሽ አጉረምርሞ ይነሳል። ያልጠበቅኩት ከኮሪደሩ የሰማሁትን ሩጫ ነው።

በሩ ተበረገደ። ጋሽ ታምራት ናቸው፤ ቀኝ እጃቸው ጣቶች ላይ ሽሮ እንዳለ፣ ፊታቸው ላብ በላብ።

«ምን ትጠብቂያለሽ አንቺ! ሲመለስ ያቃጥለዋል እኮ!»

«ጋሼ፣ አይንኩት!»

ጩኸቴና ዝምታው እኩል መጡ። ጣታቸው የዩፒኤሱን ማጥፊያ ቁልፍ ተጭኖ ነበር። የማሽኑ ሁሉ ድምፅ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ጸጥ አለ።

ጋሽ ታምራት የዩፒኤስን ሥራ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ የገዙትም የተከሉትም እሳቸው ናቸው። ግን ዕድሜ ልካቸውን መብራት ሲጠፋ እየሮጡ ነቅለዋል። በዚያው ሩጫ የራጁን ማሽን ከቃጠሎ አድነው በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ጋቢ ተሸልመዋል። ያን ቀን እጃቸው ከጭንቅላታቸው ቀድሞ ደረሰ። ቁልፉ ላይ ሽሮው ታትሞ ቀርቷል። እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቀስ ብለው ቁልፉን በመሐረባቸው ጠረጉ።

«እየጻፈ ነበር?» አሉኝ።

«እየጻፈ ነበር፣ ጋሼ።»

ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። እንደዚያ ያረጁ መስለው አይቼአቸው አላውቅም። ተናድጄባቸው ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ተናድጄ ነበር። ግን ንዴቱን ለመጨረስ ጊዜ አልነበረኝም።

ጄኔሬተሩ ተነሳ። አበራነው። የማሽኑ ማራገቢያዎች አገሱ። ታላቁ አንጎል ለመነሳት ሞከረ፤ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ነውና ወደቀ። እንደገና ተነሳ፣ እንደገና ወደቀ። ታናሹ ጤነኛ ነው፤ ነገር ግን ማሽኑ ከባዶ ሲነሳ ታላቁን አስቀድሞ ነው የሚያስነሳው፣ ታናሹም ታላቁ እስኪነሳ ቆሞ ይጠብቃል። አየሁትና በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳን ሳቄ መጣ። ይኼ ብረት የተሠራው እኛ አገር ነው እንዴ? ታላቅ ሳይቀመጥ ታናሽ አይቀመጥም!

ለናይሮቢው መሐንዲስ ነገርኩት። «አትንኪው» አለኝ። «አዲስ ካርድ እንልካለን። ሁለት ሳምንት ገደማ።»

በዚህ መሃል ዶክተር ሰሚራ በሩ ላይ ቆማለች፤ መቼ እንደመጣች አላየሁም።

«ስምንት ሰዓት ላይ አስተኛታለሁ ወይስ ወደ ቤቷ ልመልሳት?» አለች። «አንዱን ንገሪኝ፣ ሀዊ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ጋሽ ታምራት ከካርቶኑ ላይ። «ታምራት አጠፋው ብላችሁ ንገሯቸው። ለባሏም እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስነቅል ኖሬአለሁ፤ ሁሌም ከፍርሃት ነበር የምነቅለው። አሁን ግን በእርግጥ ሊነቀል የሚገባው አንድ ነገር ፊቴ ቆሟል። ታላቁን አንጎል ከመሳቢያው ማውጣት! የሚጠብቀው ከሌለ ታናሹ ብቻውን ይነሳል።

ለመሐንዲሱ ነገርኩት። በመርህ ደረጃ እንደሚሆን፣ ነገር ግን ካርዱ ወጥቶ ታናሹ እምቢ ካለ ድርጅቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ ነገረኝ።

«እኔ እወስዳለሁ» አልኩ። በአማርኛ ነበር ያልኩት፤ ለሱ ሳይሆን ለራሴ ነው።

«ዶክተር፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

«ማደንዘዣው እስኪዘጋጅ አለሽ» ብላኝ ሄደች።

«ጋሼ፣ ተነሱ! ቴስተርዎን!»

ተነሱ። ያ ቴስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ለትልቅ ጉዳይ ከኪሳቸው ወጣ። ማሽኑን አጠፋነው፤ እሳቸው በቴስተሩ ብሎኖቹን ፈቱ፣ እኔ በባዶ እጄ ብረቱን ነክቼ ገላዬ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ አራገፍኩና ካርዱን በሁለት እጄ ስቤ አወጣሁት። አበራን። ብርቱካናማ። ጠፋ። ብርቱካናማ። አረንጓዴ!

እልል ልል አፌን ስከፍት ማራገቢያዎቹ መጮህ ጀመሩ። የአዳማ የቀትር ሙቀት ይታወቃል፤ ካርዱ የወጣበት ቀዳዳ ደግሞ ማቀዝቀዣ አየሩን እያስመለጠው ነው። ክዳኑ ነበረን፤ የት እንደገባ ግን ፈጣሪ ይወቅ። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ስክሪኔ ላይ ማስጠንቀቂያው ቢጫ ሆኖ መጣ።

ጋሽ ታምራት ሮጠው ወጡ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው የራጅ ፊልም የሚመጣበት ወፍራም ካርቶን፣ በሌላው የቁስል ፕላስተር ይዘዋል። ካርቶኑን በመቀስ ቆረጡ፣ ቀዳዳው ላይ ገጠሙት፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሸጉት። እንደ ታካሚ ቁስል ነበር ያሰሩት፤ ጥርት አድርገው፣ ጫፉን በጣታቸው እየተጫኑ። የማራገቢያዎቹ ጩኸት ወደ ማንጎራጎር ወረደ። ቢጫው ጠፋ።

ራጅ ክፍል ደወልኩ። «የጫልቱን ምስል ክፈቱልኝ!»

«ተከፈተ» አለኝ የዚያኛው ወገን ድምፅ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ።

አሁን እልልታዬን ለቀቅኩት። ጋሽ ታምራት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከኮሪደሩ ገመቹ ሮጦ መጣ። «ምንድን ነው? ምን ሆነ?» ሲል «ትገባለች! አሁን ትገባለች!» አልኩት። እጄን ይዞ «ገለቶሚ፣ ገለቶሚ» እያለ አልለቅም አለኝ። አመሰግናለሁ ማለቱ ነው፤ እኔ ገና ምን እንዳደረግኩ አልገባኝም ነበር።

ጫልቱ ስምንት ሰዓት አለፍ እንዳለ ገባች።

ጋሽ ታምራት ወንበር ስበው ዩፒኤሱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። «ሰው እንዳይነካው» አሉ። ከሳቸው በቀር ማን እንደሚነካው አልጠየቅኩም። ሰዓቱ አይሄድም። እኔ አረንጓዴዋን መብራት አያለሁ፣ እሳቸው ቁልፉን ያያሉ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የጣሪያው ቬንትሌተር ፍጥነቱ ቀነሰ።

ጲጵ። ጲጵ።

ፎቁ በሙሉ ሩጫ ሆነ። ሰው ከየቢሮው እየተጯጯኸ ሶኬት ይነቅላል። የጋሽ ታምራት ቀኝ እጅ ከጉልበታቸው ላይ ተነሳ። አየሁት፤ ራሱን የቻለ እንስሳ ይመስል ብቻውን ነበር የተነሳው። አየር ላይ ቆመ። አፌን ልከፍት ፈለግኩና ተውኩት፤ ለምን እንደተውኩት እስከ ዛሬ በደንብ አላውቅም። እጃቸው ተመለሰ። ሁለቱንም እጆቻቸውን አጣምረው ብብታቸው ስር ወሸቁ። ግንባራቸው ላይ ላቡ ይወርዳል።

«ይጩህ» አሉ። «ይጩህ፣ አልነካውም።»

ጮኸ። ከዚያ ጄኔሬተሩ አጉረምርሞ ሲነሳ ባትሪው ዝም አለ።

ዶክተር ሰሚራ ስትወርድ ዓይኖቿ ደክመዋል፣ ፊቷ ግን ፈክቷል። «ዕጢው ወጥቷል፤ አሁን መጠበቅ ነው» አለችን። ጋሽ ታምራት «መብራቱ ሲጠፋ ስክሪኑ እንዴት ሆነ?» ብለው ጠየቋት። ዶክተር ሰሚራ ግራ ተጋባች።

«መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?»

ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ከዚህ የበለጠ ምስጋና በሕይወቴ ተቀብዬ አላውቅም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ይህን የማጫውታችሁ ስለ ስዊች አይደለም። ጋሽ ታምራት ያን ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ካደረጉት የሚከብድ ነገር ሰው ሲያደርግ አላየሁም፤ ያደረጉት ደግሞ ምንም አለማድረግ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ልነቅል እጄ ሲነሳ ራሴን እጠይቃለሁ፤ የሚጮኸው አደጋው ነው ወይስ «እኔ አለሁ» የሚለው ባትሪ? የብዙ ጊዜው መልስ ባትሪው ሆኖ አገኘዋለሁ። የጋሽ ታምራትን ቦታ ተረከብኩ። መንጃ ፈቃዴንም ወሰድኩ፤ የሶደሬን መንገድ ከኔ ጋር የሄዱ ሰዎች አነዳዴን ያማሉ፣ የራሳቸው ጉዳይ። እናቴ አሁንም «ንቀዪው!» ትላለች፤ የፍሪጁንማ እነቅላለሁ።

አዲሱ ካርድ እንደተባለው መጥቶ ገባ። ካርቶኑን ግን ጋሽ ታምራት አንጥለውም ብለው ከነፕላስተሩ ከማሽኑ ጎን ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

ከወራት በኋላ ጫልቱና ገመቹ አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት ተሸክመው ቢሯችን መጡ። የግራ ዓይኗ አሁንም ድንግዝግዝ ነው፤ በቀኙ ግን ዶክተር ሰሚራ ራሷ ተገርማለች። ጫልቱ ሳቂታ ሴት ናት፤ ያን ቀን ነው በቅጡ ያወቅኳት።

«ያን በኔ ምክንያት ያስጨነቃችሁን ነገር አሳዩኝ» አለች።

የማሽኑን ክፍል በር ከፈትኩላት። ክፍሉ ድንግዝግዝ ያለ ነው፤ የጣሪያውን መብራት ለማብራት እጄን ወደ ግድግዳው ስዘረጋ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዪው፣ አታብሪ» አለች። ከበሩ ሳትንቀሳቀስ፣ አንገቷን ወጣ አድርጋ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ማንም ምንም አላሳያትም ነበር።

«ያቺ ናት? ያቺ ትንሿ አረንጓዴ?»